አሥር የበለስ ቅጠሎች፣ ሦስት አንበሶች

ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ጠርዙ ላይ ነው።

ሜክሲኮ ሲቲ፣ ትልቁ አደባባይ ዳር፣ ከድሮው ማዘጋጃ ቤት ቅስቶች ስር ቆሜ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ጥላ ፍለጋ ነው የገባሁት። እዚያ በቀለማማ ሴራሚክ የተሠሩ የጋሻ ቅርጽ ያላቸው አርማዎች አሉ። አንዱ የከተማዋ ነው። ሰማያዊ መደብ፣ መሃሉ ላይ ወርቃማ ግንብ፣ ግራና ቀኝ በኋላ እግራቸው የቆሙ ሁለት አንበሶች። ዙሪያውን ደግሞ ወርቃማ ጠርዝ አለው። ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ነገር ተደርድሯል። ጠጋ አልኩ። ሞላላ፣ ወፈር ያለ፣ እሾሃም ቅጠል ነው። ቆጠርኩት፤ አሥር።

«በለስ!» አልኩ ጮክ ብዬ። አጠገቤ የቆመ ሰውዬ ዞሮ አየኝ።

የአጎቴ ሚስት የዓዲግራት ልጅ ናት። እትዬ ነው የምንላት። ክረምት ሲገባ ከአገሯ በለስ በካርቶን ይላክላት ነበር። እኛ ልጆች ዙሪያዋን እንቀመጣለን። ጫፍና ጫፉን ትቆርጠዋለች፣ ከላይ እስከ ታች አንዴ ትሰነጥቀዋለች፣ ከዚያ ልጣጩን እንደ ካፖርት ታወልቅለታለች። ውስጡ ብርቱካናማ፣ ቀዝቃዛ፣ ፍሬው የበዛ። አትንኩ እየተባልን ልጣጩን እንነካለን። ያ ዓይን የማያየው ጥቃቅን እሾህ ጣታችን ውስጥ ይቀራል። እትዬ መነጽሯን አድርጋ በወረንጦ ታወጣልን ነበር፤ ቀኑን ሙሉ።

ቤታችን ደግሞ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ይሄን ድምፅ ያውቀዋል፦ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ! አንድ ሰው! የሞላ!» ረዳቱ ከታክሲው በር ተንጠልጥሎ ሲጠራ። ለኔ ሜክሲኮ አገር ከመሆኑ በፊት ታክሲ መውረጃ ነበር። በለስ የሜክሲኮ ተክል መሆኑን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ዓለም ሁሉ የሚበላው በለስ መነሻው እዚያ ነው፤ ትግራይ የገባው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ለሥራ አራት ቀን ሜክሲኮ ሲቲ ስሄድ ግን ይሄንን ሁሉ አላሰብኩትም ነበር። የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት አርማ ላይ የእትዬን በለስ ሳይ ነው ሁሉም አንድ ላይ የመጣብኝ።

ሆቴል ስመለስ አርማውን ማንበብ ጀመርኩ። ማንበብ ያልኩት አውቄ ነው። አርማ ይነበባል። በተለይ የዚህች ከተማ።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አርማው የተሰጠው ሐምሌ 4 ቀን 1523 ነው። ሰጪው የስፔን ንጉሥ ካርሎስ ነው፤ ያኔ የሮማ ቅዱስ ግዛት ንጉሠ ነገሥትም ነበር። ደብዳቤው የተጻፈው ስፔን ውስጥ፣ ቫያዶሊድ በምትባል ከተማ ነው። ንጉሡ ሜክሲኮን አንድም ቀን በዓይኑ አላየም። ዕድሜ ልኩን አላየም። ግን ደብዳቤው ላይ ሁሉም ነገር በዝርዝር ታዟል። መደቡ የውሃ ቀለም ያለው ሰማያዊ ይሁን፤ ከተማዋ የተሠራችበት ትልቅ ሐይቅ ምልክት ነው። መሃሉ ላይ ወርቃማ ግንብ ይቁም። ወደ ግንቡ ሦስት የድንጋይ ድልድዮች ይምጡ፤ የጎኖቹ ሁለቱ ግን ግንቡ ጋ አይድረሱ። በነዚህ በሁለቱ ላይ አንድ አንድ አንበሳ ይቁም። የኋላ እግሮቹ ድልድዩ ላይ፣ የፊቶቹ ግንቡ ላይ ይሁኑ፤ በጥፍሩ ይያዘው። ለምን? ደብዳቤው አይደብቅም፦ ክርስቲያኖቹ እዚያ ላገኙት ድል ምልክት እንዲሆን።

ጠርዙ ላይ ደግሞ በወርቅ መደብ አሥር አረንጓዴ የበለስ ቅጠሎች፣ ከነእሾሃቸው። በዚያ አገር ስለሚበቅሉ።

«ከነእሾሃቸው» የሚለው ላይ ቆየሁ። ባሕር ማዶ ያለ ንጉሥ፣ አይቶት የማያውቀውን ተክል እሾሁ እንዳይረሳ ብሎ ያዝዛል። አንድ የጽሕፈት ሰው እዚያ ቁጭ ብሎ ስለ እሾህ ይጽፋል። ያ ደብዳቤ ሲጻፍ ከተማዋ ምን ላይ እንደነበረች ሳስብ ነው ነገሩ የከበደኝ።

ሜክሲኮ ሲቲ የተሠራችው በድሮዋ ከተማ በቴኖችቲትላን ላይ ነው። ቴኖችቲትላን በስፔኖቹ እጅ የወደቀችው ነሐሴ 13 ቀን 1521 ነው። ከደብዳቤው ሁለት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ከተማዋ ሐይቅ መሃል የተሠራች ነበረች። ከየብስ የሚያገናኟት ውሃውን እየሰነጠቁ የሚመጡ ረጃጅም መንገዶች ነበሩ፤ ወደ ሰሜን ቴፔያክ፣ ወደ ምዕራብ ትላኮፓን፣ ወደ ደቡብ ኢስታፓላፓ። መንገዶቹ በየመሃሉ የተከፈተ ቦታ ነበራቸው፤ ታንኳ እንዲያልፍ። ክፍተቱ ላይ የሚነሳ ድልድይ ይጋደማል። ጠላት ሲመጣ ድልድዩን ማንሳት ነው።

ሰኔ 30 ቀን 1520 ሌሊት የስፔኖቹ መሪ ኮርቴስና ሰዎቹ ከከተማዋ ሲሸሹ በምዕራቡ መንገድ ወጡ። ድልድዮቹ ተነሥተው ነበር። ብዙ ሰው እዚያ ውሃ ውስጥ ቀረ። የዘረፉትን ወርቅ የተሸከሙት ወርቁ እያሰመጣቸው። ስፔኖቹ ያንን ሌሊት «የሐዘን ሌሊት» ብለው ጠሩት። በዓመቱ ተመለሱ። 13 ጀልባ ሠርተው ሐይቁ ላይ አወረዱ፤ ከቻፑልቴፔክ የሚመጣውን የመጠጥ ውሃ ቆረጡ። ፈንጣጣ ቀድሟቸው ገብቶ ሕዝቡን ፈጅቶት ነበር። ከበባው ከሁለት ወር በላይ ቆየ። በሺህ የሚቆጠሩ የትላሽካላ ሰዎችና ሌሎች የቴኖችቲትላን ጠላቶች ከስፔኖቹ ጋር ሆነው ተዋጉ። ቤቶቹን አንድ በአንድ እያፈረሱ፣ በፍርስራሹ ውሃውን እየሞሉ ነው የገቡት።

ስለዚህ አርማው ላይ ያሉት ድልድዮች ለጌጥ የገቡ አይደሉም። ሁለቱ ለምን ግንቡ ጋ እንደማይደርሱ ደብዳቤው አያብራራም። እኔ ግን ሳያቸው የሚታየኝ ያ ሌሊት ነው። የተቆረጠ ድልድይ፣ የተቆረጠው ጫፍ ላይ የቆመ አንበሳ።

ንጉሡ ደብዳቤውን ሲፈርም ከተማዋ ገና ፍርስራሽ ነበረች። የስፔኖቹ ማዘጋጃ ቤት ራሱ የሚሰበሰበው ውጭ፣ ኮዮአካን ላይ ነበር። ሕዝቡ አሮጌውን እያፈረሰ አዲሱን እንዲሠራ ተገድዷል። ሞቶሊኒያ የሚባለው መነኩሴ ያንን የግንባታ ሥራ በአገሩ ላይ ከወረዱት መቅሠፍቶች ሰባተኛው ብሎ ቆጥሮታል። መነኩሴው የራሳቸው የስፔኖቹ ሰው ነው። ግንቡ በጋሻው ላይ በወርቅ ተሥሎ ሲያበራ፣ እውነተኛው ድንጋይ በሰው ትከሻ ላይ ነበር።

አሁን ግንቡንና አንበሶቹን ተመልከቷቸው። ቴኖችቲትላን የመቅደስ፣ የገበያና የቦይ ከተማ ነበረች። እንዲህ ያለ ጥርስ ያለው የአውሮፓ ግንብ አልነበራትም። አገሩ ፑማና ጃጓር አለው፤ ጎፈር ያለው አንበሳ ግን የለውም። ታዲያ ከየት መጡ? ከስፔን። ወርቃማ ግንብ የካስቲያ አርማ ነው። የቆመ አንበሳ የሌዎን ነው። ስሙ ራሱ አንበሳ ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው። ሁለቱ መንግሥታት ሲዋሐዱ ግንብና አንበሳ አብረው ተሣሉ፤ እስከ ዛሬም የስፔን አርማ ላይ አሉ። እዚህ ጋሻ ላይ ግንቡ የተያዘችው ከተማ ናት፤ አንበሶቹ ያዦቹ። ግን ግንቡም የነሱ፣ አንበሳውም የነሱ። የተሸነፈችውን ከተማ ሲሥሏት እንኳን በራሳቸው ቤት መልክ ሣሏት።

በነገራችን ላይ የትላሽካላም አርማ ግንብ አለው። አብራ ስለተዋጋች በ1535 ከዚያው ንጉሥ የተሰጣት ነው። ግንብ ላይ የተተከለ ሰንደቅ፣ ሰንደቁ ላይ ጥቁር ንስር፣ ታች የሰው ራስ ቅልና አጥንት። አጋርም ሆነ ተሸናፊ፣ የተሰጠው ግንብ ነው።

ጋሻው ላይ የአገሩ ልጅ የሆኑት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ውሃውና ቅጠሎቹ።

የሐይቁ ሰዎች፣ ናዋዎቹ፣ ከስፔኖቹ በፊት አርማ ነበራቸው። እንደ ጋሻ አልነበረም። ስም ነበር፤ የሚነበብ ሥዕል። ቻፑልቴፔክ ማለት የፌንጣ ኮረብታ ነው፤ ኮረብታ ይሣላል፣ እላዩ ላይ ፌንጣ። ኮዮአካን ኮዮቴ፣ ቀበሮ የሚመስል አውሬ፣ ያላቸው ሰዎች ቦታ ነው፤ ኮዮቴ ይሣላል። ከተማ የሚለው ቃላቸው ራሱ ሥዕል ነው። አልቴፔትል ይላሉ። አትል ውሃ፣ ቴፔትል ተራራ። ውሃና ተራራ ካለ ከተማ አለ። ይሄን ካወቅሁ በኋላ ከተማ የሚለውን ቃል ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ምንጭ ያለው ኮረብታ ሆኗል። እኛስ አገር ሰው የሰፈረው የት ነው? ውሃ ያለበት ተራራ ስር አይደል?

ቴኖችቲትላንም ስሟ እንዲሁ ነው የሚጻፈው። ቴትል ድንጋይ ነው። ኖችትሊ የበለስ ፍሬ ነው። ድንጋይ ተሥሎ ከላዩ በለስ ይበቅላል፤ ቴኖችቲትላን ተብሎ ይነበባል። በድንጋይ ላይ ያለው በለስ ቦታ እንደማለት። በ1541 አካባቢ በአገሬው ሠዓሊ የተሠራ መጽሐፍ አለ፣ ኮዴክስ ሜንዶሳ ይባላል፤ አሁን እንግሊዝ፣ ኦክስፎርድ ነው ያለው። የመጀመሪያው ገጹ ላይ ሐይቁ አራት ማዕዘን ሆኖ ተሥሏል፣ ሁለት ቦዮች አቋርጠው አራት ቦታ ከፍለውታል። መሃሉ ላይ ድንጋይ፣ ድንጋዩ ላይ በለስ፣ በለሱ ላይ ንስር። በአራቱም ክፍል መሥራቾቹ ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል፤ አሥር ሰዎች። አንዱ ቴኖች ነው፤ ስሙ ከጀርባው ተጽፏል፣ ድንጋይና በለስ።

አፈ ታሪኩም አለ። አምላካቸው ዊትሲሎፖችትሊ ንስር በለስ ላይ ተቀምጦ ስታዩ እዚያ ስፈሩ ብሏቸዋል። በለሱ የበቀለው ደግሞ ኮፒል ከሚባል ጠላቱ ልብ ነው፤ ልቡ ሐይቁ ውስጥ ተወርውሮ። ቀዩ የበለስ ፍሬ የሰው ልብ ምሳሌ ነው የሚሉት ለዚህ ነው። ደም ያለበት ምልክት ነው፤ የዋህ አይደለም። ቴኖችቲትላን ራሷ ገባር የምታስገብር፣ ምርኮኛ የምትሠዋ ኃይል ነበረች። ትላሽካላዎች በከንቱ አልጠሏትም። ይሄንን ሳልናገር ባልፍ ታሪኩን አጎደልኩት።

እና አሁን ወደ ጠርዙ እንመለስ። ንጉሡ «በዚያ አገር ስለሚበቅል» ብሎ ያስገባው ቅጠል የአካባቢ ዕፅ ብቻ አልነበረም። የከተማዋ ስም ነው። ድንጋዩ ቀርቷል፤ በለሱ አለ። ግንቡን በራሳቸው መልክ ሣሉ፣ አንበሶቹን ከአገራቸው አመጡ፣ ድላቸውን በጽሑፍ አሳወጁ፤ ከዚያ ዙሪያውን የተሸነፈችውን ከተማ ስም አሥር ጊዜ ጻፉበት። ደብዳቤውን ያረቀቀው ሰው ይሄን ያውቅ ነበር? የደብዳቤው ቃል ስለ ተክል ብቻ ነው የሚያወራው። እዚያ ከተማ የተረፈ አንድ ናዋ ግን አርማውን ሲያይ ምን አነበበ? እኔ በለስ ያልኩትን ያህል ድምፅ አውጥቶ ማለት እንኳን አያስፈልገውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። የከተማዋ ሰዎች ጋሻውን ተቀበሉት፤ ግን ባዶ መስሎ ታያቸው። ቀስ በቀስ ከጋሻው በላይ ንስሩን በለስ ላይ አድርገው ማስቀመጥ ጀመሩ። በሰንደቅ፣ በሕንፃ፣ በበዓል ሰልፍ። ይሄን የሚያደርጉት የአገሬው ሰዎች ብቻ አልነበሩም፤ እዚያ የተወለዱ የስፔን ልጆችም ናቸው። እነሱም የሆነ ቦታ ልጅ መሆን ፈልገው ነበር።

በ1642 ኤጲስ ቆጶስ ሁዋን ዴ ፓላፎክስ ለጥቂት ወራት የንጉሡ እንደራሴ ሆኖ አገሩን አስተዳደረ። ንስሩን አየና ለማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ጻፈ፤ ይነሣ፣ የድሮ ጣዖት ምልክት ነው ብሎ። እኔ በዚህ ሰው ላይ መፍረድ ይከብደኛል፤ ሥዕሉን በትክክል ያነበበ እሱ ነበር። ሌላው ጌጥ ሲለው እሱ ቋንቋ መሆኑን አውቋል። ግን ትእዛዙ ብዙ አልያዘም። ንስሩ ተመልሶ መጣ፤ በቤተ ክርስቲያን በሮች ላይ ሳይቀር።

አገሪቱ ነፃ ስትወጣ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1823፣ ጉባኤው የአገሪቱን አርማ ወሰነ። ንስር፣ ያለ ዘውድ፣ ከሐይቅ ውሃ ውስጥ ከወጣ ድንጋይ በበቀለ በለስ ላይ የቆመ፣ በቀኝ ጥፍሩ እባብ የያዘ። አሁን በባንዲራቸው ላይ ያለው ይሄ ነው። ኮዴክስ ሜንዶሳ ላይ እባብ የለም። በ1926 ከብሔራዊ ቤተ መንግሥቱ መሠረት የወጣ አንድ የአዝቴክ፣ የቴኖችቲትላን ሰዎች፣ ድንጋይ አለ፤ እዚያ ላይ ንስሩ አፉ ላይ ያለው የውሃና የእሳት ምልክት ነው፣ ጦርነት ማለት ነው። ተጠማዝዞ የሚወርድ ነገር ስለሆነ ስፔኖቹ እባብ ብለው አዩት የሚሉ አጥኚዎች አሉ። ስሕተት አንዳንዴ እንዲህ ሥር ይሰዳል።

በ1523 ጠርዝ ላይ የነበረው በለስ በ1823 መሃል ገባ። 300 ዓመት ፈጀበት። ድንጋዩንም ይዞ ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን ስብሰባው ቶሎ አለቀ። አብራኝ የምትሠራ ሜክሲኳዊት ስለ አርማው ስጠይቃት ሳቀች፤ «ከልጅነቴ ጀምሮ አየዋለሁ፣ ግን ቆጥሬው አላውቅም» አለችኝ። ከዚያ «አንበሳ ከወደድክ ሌላ አሳይሃለሁ» ብላ መሃል ከተማ ይዛኝ ወጣች። ማዴሮና ሞቶሊኒያ የሚባሉት መንገዶች የሚገናኙበት ጥግ። አዎ፣ ያው መነኩሴው ሞቶሊኒያ ነው። ሰው እየተጋፋ ያልፋል፣ ማንም ቀና አይልም። ሕንፃው ጥግ ላይ፣ ከራሴ በላይ፣ የድንጋይ አንበሳ ራስ አለ። ፊቱ በዘመን ብዛት ተበልቷል፤ አፍንጫው ለስልሷል። በ1629 ጎርፍ ውሃው የደረሰበት ከፍታ ነው። ከመስከረም 1629 ጀምሮ ከተማዋ አምስት ዓመት ገደማ ውሃ ውስጥ ነበረች። አምስት ክረምት። ሰው በታንኳ ቤተ ክርስቲያን ሳመ። ዋና ከተማዋን ወደ ሌላ ቦታ ስለማዛወር ሁሉ ተመከረ።

እጄን ወደ አንበሳው ዘረጋሁ። ውሃው እዚህ ድረስ ነበር ብሎ ማሰብ ያስቸግራል፤ ስሩ የሞባይል ሽፋን የሚሸጥ ልጅ ቆሟል።

ስፔኖቹ ሐይቁን ከመጀመሪያውም አልወደዱትም። ናዋዎቹ በግድብና በቦይ ከውሃው ጋር ተስማምተው ኖረዋል፤ በሐይቁ ላይ አፈር ከምረው እርሻ አርሰዋል፣ ከተማውን የሚቀልብ። አዲሶቹ ገዢዎች ግን የፈለጉት ውሃውን ማውጣት ነው። በ1607 ተራራ መብሳት ጀመሩ። ሥራው መቶ ዓመታትን ተሻግሮ በ1900 ትልቁ ቦይ ተመረቀ። ሐይቁ ደረቀ። አሁን ሾቺሚልኮ ላይ ጥቂት ቦዮች ቀርተዋል። ከተማዋ ከስሯ ያለውን የከርሰ ምድር ውሃ እየሳበች ትጠጣለች፤ የደረቀው የሐይቅ አፈር እየተጨመቀ ይወርዳል። አንዳንዱ ሰፈር በዓመት እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይሰምጣል። ካቴድራሉ ዘምሟል፤ በዓይን ይታያል።

አርማው ላይ ያለው ሰማያዊ «ከተማዋ የተሠራችበት ትልቅ ሐይቅ ምልክት» ተብሎ የታዘዘ ነው። አሁን መሃል ከተማው ላይ ከዚያ ሐይቅ የቀረው ያ ሰማያዊ ነው። ሴራሚክ ላይ ያለ ቀለም።

ባልደረባዬ «ሦስተኛውን አንበሳ ግን አንተ ታውቀዋለህ» አለችኝ።

የሜትሮው መስመር 3፣ የወይራ አረንጓዴ ነው። የሜክሲኮ ሲቲ ሜትሮ ሥራ የጀመረው በ1969 ነው። ያኔ ማንበብ የማይችል ብዙ ተሳፋሪ ነበር። ስለዚህ ለየጣቢያው ሥዕል ተሠራለት፤ ሥራውን የጀመረው ላንስ ዋይማን የሚባል አሜሪካዊ ዲዛይነር ነው። ቻፑልቴፔክ ፌንጣ ነው። ኮዮአካን ኮዮቴ ነው። ናዋዎቹ ስም በሥዕል በጻፉበት ከተማ፣ ከስንት መቶ ዓመት በኋላ ሰው እንደገና ሥዕል አንብቦ ይወርዳል።

ከኮዮአካን አራት ጣቢያ ቀደም ብሎ «ኤቲዮፒያ» የሚባል ጣቢያ አለ። ሥዕሉ የአንበሳ ራስ ነው።

ጣቢያው ስሙን ያገኘው ከላዩ ካለው የኢትዮጵያ አደባባይ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ሜክሲኮን ጎብኝተዋል። እነሱ የኢትዮጵያ አደባባይ፣ እኛ የሜክሲኮ አደባባይ። ከዚያም በኋላ እነሱ የኢትዮጵያ ሜትሮ፣ እኛ በቀላል ባቡሩ የሜክሲኮ ጣቢያ። ምክንያቱን ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት ሰምተነዋል፣ ግን ደግሜ ልጻፈው። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1935 ሲወረንና በ1936 አዲስ አበባን ሲይዝ፣ ሜክሲኮ በመንግሥታቱ ማኅበር ከኢትዮጵያ ጎን ቆመች። አገር በአገር ላይ ወረራውን እየተቀበለ ሲሄድ፣ የኢጣሊያን ድል ፈጽሞ ዕውቅና ካልሰጡት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። ፕሬዚዳንቱ ላሳሮ ካርዴናስ ነበሩ።

ሜክሲኮ የራሷ ምክንያት ነበራት። አሜሪካ በ1840ዎቹ ወርራ ግማሽ ግዛቷን ወስዳለች። ፈረንሳይ በ1860ዎቹ ገብታ ንጉሠ ነገሥት ሾማባታለች። ድል ያደረገ ሁሉ ባለመብት አይደለም የሚለውን በመጽሐፍ አልተማሩትም። እኔ ግን ያን ቀን ጣቢያው ላይ ቆሜ የማስበው የ1523ቱን ደብዳቤ ነው። «ላገኙት ድል ምልክት እንዲሆን።» ያ ጋሻ ያለው ማዘጋጃ ቤት ከተማዋን እስከ 1928 ድረስ አስተዳደረ፤ ከዚያ ከተማዋ በቀጥታ በፌዴራሉ መንግሥት ስር ገባች። ጋሻው ግን አልወረደም። የወራሪ ድል በግንቧ ላይ ተሥሎባት የኖረች ከተማ፣ እዚያው ሆና የሌላውን ወራሪ ድል አላውቅም አለች። ከዚያ ለዚያች ለተወረረችው አገር አንድ አደባባይ ሰጠች፣ አንድ አንበሳ ሣለች።

አንዱ አንበሳ ከተማን በጥፍሩ ይዟል። አንዱ ውሃ ቆጥሯል። ይሄኛው የኛ ነው። ሰዉ ከባቡሩ እየወረደ በስሩ ያልፋል፤ ተማሪ፣ ነርስ፣ ልጅ ያዘለች እናት። ድምፅ ማጉያው «ኤቲዮፒያ» ሲል ዓይኔ እንባ አቀረረ። ባልደረባዬ ወደ ሌላ አየች፤ ደግ ሰው ናት።

አርማው ይቀየር ወይ የሚል ክርክር እዚያ አገር አለ። በ2021 ከተማዋ የወደቀችበት 500ኛ ዓመት ሲታሰብ ብዙ ስም ተቀይሯል። «የሐዘን ሌሊት ዛፍ» የሚባለው «የድል ሌሊት ዛፍ» ተባለ። በምዕራቡ መንገድ ላይ የአንዱን ስፔናዊ አዛዥ የአልቫራዶን ድልድይ ስም የያዘው ጎዳና «የሜክሲኮ ቴኖችቲትላን ጎዳና» ሆነ። የትልቁ አደባባይ ሜትሮ ጣቢያም ስሙ ላይ ቴኖችቲትላን ተጨመረለት። ለጎዳናዎቹ ደስ ብሎኛል። ጋሻው ግን እንዳለ ቢቆይ እመርጣለሁ። አንበሶቹ ከነጥፍራቸው። ምክንያቱም ቅጠሎቹም እዚያ ናቸው። አንበሶቹን የሚያነሣ ሰው ቅጠሎቹ ከምን ጋር እንደኖሩ አብሮ ያነሣል። የምመኘው ከሥዕሉ ስር የደብዳቤው ቃል በትልቁ ተጽፎ እንዲነበብ ነው፤ በስፓኒሽም በናዋትልም። ናዋትል ዛሬም ከሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ይናገረዋል።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ገበያ ሄድኩ። የምበላው ፈልጌ አልነበረም፤ ቅጠሉን በእጄ መያዝ ፈልጌ ነው። ሜክሲኮዎች ቅጠሉን ኖፓል ይሉታል፤ ይቀቅሉታል፣ ይጠብሱታል፣ ከእንቁላል ጋር ይበሉታል። እኛ ፍሬውን በልተን ቅጠሉን ለከብት ነው የምንሰጠው። አንዲት እናት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቅጠሉን ከእሾሁ ያጸዱ ነበር። ግራ እጃቸው ላይ ወፍራም ጓንት አለ። ቅጠሉን በጓንቱ ይይዙታል፤ በቀኛቸው አጭር ቢላ። ቢላውን አስተኝተው ከታች ወደ ላይ ሲገፉት እሾሁ ከነዓይኑ ይነሣል፤ ትንሽ አረንጓዴ ነጠብጣብ ይቀራል። ከዚያ ዙሪያውን ጠርዙን ይቆርጣሉ፣ ክር የመሰለ ነገር ተጠማዝዞ ይወድቃል። አንድ ቅጠል ከአሥር ሰከንድ አይፈጅባቸውም። እግራቸው ስር የእሾህ ክምር አለ። ሽታው የተቆረጠ ሣር ነው፤ ትንሽ እንደ ዝናብ።

በተሰባበረ ስፓኒሽ አገራችን ይሄ ተክል አለ አልኳቸው። ከየት ነህ አሉኝ።

«ኤቲዮፒያ።»

ቢላቸውን ቆም አደረጉት። «እንደ ሜትሮው?» አሉ። «አንበሳው?»

«አዎ፣ አንበሳው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ካላጸዱት ክምር አንድ ቅጠል አንሥተው ዘረጉልኝ። ጓንቱን ረስቼ በባዶ እጄ ተቀበልኩ። እሳቸው «አይ ልጄ!» ዓይነት ነገር አሉ፤ ግን አልፏል።

ማታ ሆቴል ክፍሌ ውስጥ ጣቴን መብራት ስር አድርጌ አየሁት። አይታይም፤ ሲነኩት ብቻ ነው። ወረንጦ አልያዝኩም። ለእትዬ ደወልኩላት፤ አዲስ አበባ ነግቶ ነበር። «በለስ ነካህ?» አለችኝ፣ እየሳቀች። «የት አግኝተህ?»

«ሜክሲኮ» አልኳት።

«እዚህ ሜክሲኮ መጥተህ ነው ቤት ያልገባኸው?»